አቤት የምትል መሣሪያ

አባቴ በጅምላ ገበያ የሽንኩርትና የቲማቲም ሐራጅ እየጠራ ነው ያሳደገን። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሦስት መጋዘን አልፎ የሚሄድ ጋሪ ገፊ ደንግጦ ይቆም ነበር ይባላል። እኔ እንኳ ትንሽ ያጋነኑት ይመስለኛል፤ ሁለት መጋዘን ይሁን። ያ ሰውዬ ጉሮሮው ላይ ዕጢ ወጣበትና ሐኪሞች ቆርጠው ሲያወጡለት ድምፁም አብሮ ወጣ። ጤናው ተመለሰ፣ የምግብ ፍላጎቱ ተመለሰ፣ ድምፁ ግን በዚያው ቀረ።

ሐኪሞቹ ከቀዶ ጥገናው በፊት አንድ ደግ ነገር አድርገውለት ነበር። ጠባብ ክፍል አስገብተው፣ ማይክሮፎን ፊቱ ደቅነው፣ ለኑሮ ያስፈልጋሉ ያሏቸውን ሃያ ንግግሮች በገዛ ድምፁ ቀዱለትና የጫማ ካርቶን በምታክል ሳጥን አድርገው ሰጡን። ሳጥኗ ላይ ሃያ ቁልፎች ያሉት ሰሌዳ አለ። አንዱን ሲጫነው "ውሃ እፈልጋለሁ፣ እባክሽን" ትላለች፤ ሌላውን ሲጫነው "ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ።" ድምፁ የሱ ነው። ንግግሩ የማን እንደሆነ ግን እግዜር ይወቀው። አባቴ በሕይወቱ እባክሽን ብሎ አያውቅም። ውሃ ሲጠማው "ኧረ በጥም ልሞት ነው፣ ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?" ነበር የሚለው።

እናቴ ግን ሳጥኗን ወደደቻት። "ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ እባክሽን የተባልኩት ገና አሁን ነው" ትላለች፣ በጨርቅ እየወለወለቻት። አንዳንዴማ ሳይጠማው ብርጭቆ ይዛ ፊቱ ትገተርና ቁልፉን እስኪጫን ትጠብቃለች።

የአባቴ ችግር ግን ውሃ አልነበረም። ችግሩ ዳማ ነው። ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ ባለችው የዳማ ቤት፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከአንድ ልብስ ሰፊ ወዳጁ ጋር ይጫወታል። ልብስ ሰፊውን አገር ምድሩ መርፌ ይለዋል፣ ቀጭን ስለሆነና ምላሱ ስለሚወጋ፤ እኛ ልጆች ደግሞ ጋሽ መርፌ እንለዋለን። ዳማ በጠጠር ብቻ የሚጫወቱት የሚመስለው ሰው ካለ እነዚህን ሁለቱን አላየም ማለት ነው። አንድ ጠጠር ሲበላ አሥር ስድብ ይወጣል። "እጅህን አንሣ አንተ ደነዝ!" "ይህችን ጠጠር ተሰናበታት፣ ሁለተኛ አታያትም!" ከዚያ ሲመሽ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ይወጣሉ፣ የተሸነፈው ገና እየተራገመ።

ከሐኪም ቤት እንደወጣ አባቴ ሳጥኗን በብብቱ ይዞ ሄደ። የጋሽ መርፌን ጠጠር በላና ቁልፍ ተጫነ። ሳጥኗም "አመሰግናለሁ" አለች። ሰው ሁሉ የገዛ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጋሽ መርፌም ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ትራስ ያመጣል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ተመቸህ ወንድሜ?" ይላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጠጠሮቹን እያወቀ ያስበላል። አባቴ በላይ በላዩ አሸነፈ፤ ባሸነፈ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ መጣ። በመጨረሻ አንድ ቀን ቤት ገባና በጠመኔ የሚጽፍባት ጥቁር ሰሌዳው ላይ "መርፌ ከሬሳ ጋር ነው የሚጫወተው" ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ወደ ዳማ ቤት ዝር አላለም።

"ታዲያ አንተስ በጽሑፍ አትሰድበውም?" አልኩት።

"ጽፌ እስክጨርስ ንዴቴ ይበርዳል" ብሎ ጻፈልኝ።

እንግዲህ አባቴ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ መርፌ እንደ ድሮው ሙልጭ አድርጎ እየሰደበ በእውነት እንዲጫወተው። እኔም ሌላ ምኞት አልነበረኝም። ያ የገበያ አንበሳ መስኮት ሥር ተቀምጦ በሰው ግቢ የተሰጣ ልብስ ሲደርቅ ሲያይ መዋሉ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ሾርባው የቁልፍ ሰሌዳው ላይ የተደፋው። እናቴ "ሳያውቅ ነው" አለች። እኔ ግን አባቴን አውቀዋለሁ፤ ሳያውቅ የደፋ ሰው ሳህኑን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አያንጠፈጥፍም። ከዚያ ወዲያ አንድም ቁልፍ አልሠራ አለ። እናቴ አኮረፈች። አባቴ ደስ ያለው መሰለ። እኔ ተናደድኩ፣ ምክንያቱም ምንም ቢሆን የሱ ድምፅ ያለው እዚያች ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው።

እኔ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ነው የምሠራው፤ ፈትቼ አየኋት። ሳጥኗ ደህና ናት። የሞተው ሰሌዳው ነው፣ ሌላ ደግሞ ቶሎ አይገኝም። ሳጥኗና ሰሌዳው የሚነጋገሩት ግን በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ነው፤ እኛ ሥራ ቤት ጌታና ሎሌ እንላቸዋለን። ሳጥኗ ጌታ ናት። የሎሌውን አድራሻ ትጠራለች፣ ሎሌው "አቤት" ይላል፣ "የትኛው ቁልፍ ተነካ?" ትለዋለች፣ ቁጥሩን ይሰጣታል፣ እሷም የዚያን ቁጥር ድምፅ ታሰማለች። ሎሌ ሳይጠሩት አይናገርም፤ ሲናገርም ከተጠየቀው አያልፍም። እንዲህ ያለ ጠባይ እኔ ዘንድ በባትሪ ፈልጋችሁ አታገኙም።

ሥራ ቤታችን አናላይዘር የምትባል የክብሪት ቀፎ የምታህል መሣሪያ አለች። ሙያዋ ማዳመጥ ነው፤ ሽቦዎቹ ላይ ሲሰኳት ማን ማንን ጠራ፣ ማን ምን መለሰ የሚለውን ኮምፒውተር ላይ ታወጣዋለች። ሲፈልጉ ደግሞ ማዳመጧን ትታ ራሷ ሎሌ ትሆናለች፤ አድራሻ ሰጥተው፣ ስትጠሪ ይህን መልሺ ብለው ያዟታል። አለቃዬ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቃት።

"አለቃ፣ ለቅዳሜና እሑድ ያውሱኝ" አልኩት።

"ምን ልታደርጊባት?"

"ሎሌ ላደርጋት።"

"አንቺ? ስለ ሎሌነት ምን የምታውቂው ነገር አለና?" አለና የሥራ ቤቱን ሰው ሁሉ አሳቀብኝ። ምክንያቱን ስነግረው ግን ሳቁን ተወ፣ መሳቢያውን ከፈተ። "ከሰበርሻት በሷ ቦታ መስመሩ ላይ የምሰካው አንቺን ነው" ብሎ ሰጠኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ መስኮቱን ያያል፤ እኔ ምናምን ሽቦ ስቀጥል ጉዳዩም አይደለ። መጀመሪያ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ሳጥኗ በማያልቅ ትዕግሥት ያንኑ አንድ አድራሻ ትጠራለች፣ አቤት የሚላት የለም፣ ደግማ ትጠራለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አሳዘነችኝ። አድራሻውን ከዚያው ወስጄ ለአናላይዘሯ ሰጠኋትና "ሎሌ ሁኚ" አልኳት። ምንም የለም። ደግሜ ፈተሽኩ፣ ምንም። ኮምፒውተሩን ሰደብኩ፣ ፋብሪካውን ሰደብኩ፣ ከዚያ ሁለቱን ሽቦ አገላብጬ መሰካቴን አየሁ። ስለ ስድቤ በልቤ ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩት።

ሳጥኗ ጠራች። አናላይዘሯ አቤት አለች። መልስ በሚጻፍባት ቦታ ላይ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

"ውሃ እፈልጋለሁ፣ እባክሽን።"

"መጣሁ የኔ ጌታ!" እናቴ ከማድቤት ስትበር መጣች። አባቴ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ሰቀለ።

ከሁለት እስከ ዘጠኝ ሞከርኩ፣ ሁሉም በየቦታው ነው። የቀሩትን ምን አደከመኝ ብዬ ወደ መጨረሻዋ ዘለልኩና ሃያ ጻፍኩ። ሳጥኗ ትንሽ ተንኮሻኮሸች።

"ኧረ በቃህ! ስንት ጊዜ ነው የምታስለፈልፈኝ? አንተ ልጅ፣ እንቅልፍ ይዞሃል እንዴ?"

አባቴ ነው፤ ግን ያ የሳጥኗ ጨዋ ሰውዬ አይደለም። የገበያው አባቴ ነው፣ ሙሉ ደረቱ ያለበት። አባቴ ወንበሩን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ምን እንዳደረግሁ ሲገባኝ ግንባሬን መታሁ። ፕሮግራሙ ቁጥር የሚቆጥረው እንደኛ በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት ነው፤ እኔ ሃያ ብዬ የጻፍኩት ለሱ ሠላሳ ሁለት ነው። በየቀኑ እንጀራዬ የሆነውን ነገር እኔ ሴትዮዋ ቸኩዬ ረስቼዋለሁ! ሳጥኗም እንደታዘዘችው ሠላሳ ሁለተኛውን ቅጂ አወጣች። ቁልፉ ሃያ ብቻ ስለሆነ ከሃያ በላይ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ለካስ በቀረጻው ቀን የተበላሹት፣ አባቴ ድምፅ ቀጂውን የተቆጣባቸው፣ የሳለባቸው፣ የሳቀባቸው ሁሉ ከኋላ ተደርድረው ተቀምጠው ኖሯል። ቀጂው ማጥፋት ሰንፎ ትቷቸዋል። እግዜር ስንፍናውን ይባርክለት።

ሌላውን ጻፍኩ። "ዓይንህን ገልጠህ ሥራ እንጂ!" ቀጣዩን። "እዚህ ልታሳድረኝ ነው? ንገረኝና ብርድ ልብስ ላስመጣ!" ቀጣዩ ሳቅ ብቻ ነው፤ ያ ከሆዱ የሚነሣው፣ መሀል ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና የሚጀምረው ረጅም ሳቁ። እሱን ስሰማ እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም። የሚቀጥለውን ጻፍኩ።

"እባክሽን? አልልም አልኩህ! ሚስቴ ብትሰማ ለይቶለታል ብላ ታለቅሳለች!"

እናቴ የድስት ክዳን በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። "አንተ!" ብላ ጀመረች፣ ልትቆጣ። ክዳኑ ከእጇ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ እሷም ወንበር ላይ ዘፍ አለች። እየሳቀች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች። "ይሄ ነው" አለች፣ "ይሄ ነው ባሌ። ያኛው ጨዋ ሰውዬ እኮ እንግዳ ነው። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እንግዳ ነበር።"

አባቴ ደግሞ ኮቱን እየለበሰ ነው። ጠመኔውን አነሣና "ኮምፒውተሩን ያዥው። መርፌ ጋ" ብሎ ጻፈ። ትንሽ አሰበና ጨመረበት፦ "አንቺ ሎሌ ነሽ። ሳልጠራሽ እንዳትናገሪ!"

በመንገድ ላይ በጣት ተስማማን። አንድ ጣት ከሆነ ዓይንህን ግለጥ፣ ሁለት ጣት ከሆነ ብርድ ልብሱ፣ መዳፉን ከዘረጋ ሳቁ። ሳጥኗን እሱ ታቅፏታል፣ አናላይዘሯንና ኮምፒውተሩን እኔ፤ በመሀላችን ሽቦ አለ። አስፋልት ስንሻገር አንዱ ባለ ብስክሌት ሽቦው መሀል ሊያልፍ ሲል እኔ ጮህኩበት። አባቴ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ገሠጸኝ። ገና ከአሁኑ!

ጋሽ መርፌ አባቴን ሲያይ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሣ። "ወንድሜ! መጣህልኝ? ትራሱን አምጡለት!" አለ። አቀፈው፣ ኮቱን አራገፈለት፣ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች አስነሥቶ አስቀመጠው። ሳጥኗ ላይ የተሰካውን ሽቦ አየና "ታክማ ነው?" አለኝ በሹክሹክታ፣ እንደ በሽተኛ ጠያቂ። ኮምፒውተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። እኔ ዝም አልኩ! ማን ያምነኛል?

ጠጠሮቹን ደረደሩ፣ ጀመሩ። ብዙም ሳይሄዱ ጋሽ መርፌ አንዷን ጠጠር ገፍቶ አባቴ አፍ ውስጥ አስገባት። "ውይ! ሳላያት!" አለ። ሰውየው ልብስ ይሰፋል እንጂ ተዋናይ አይደለም፤ አጠገቡ የቆመው ጎማ ጠጋኝ እንኳ ፊቱን አዞረ። አባቴ ጠጠሯን አልበላትም። በአንድ ጣቱ ገፍቶ ወደነበረችበት መለሳት። ከዚያ ያንኑ ጣት ከጠረጴዛው ሥር ለኔ ቀሰረው።

"ዓይንህን ገልጠህ ሥራ እንጂ!"

የዳማ ቤቱ ግድግዳ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ከኋላ የነበሩት ጨዋታቸውን አቁመው ተነሡ። የጋሽ መርፌ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሳጥኗን አየ፣ አባቴን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ እንባው በቀጭን ጉንጩ ላይ ዝም ብሎ ወረደ።

አባቴ ሁለት ጣት አወጣ። "እዚህ ልታሳድረኝ ነው? ንገረኝና ብርድ ልብስ ላስመጣ!" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጎማ ጠጋኙ ጠረጴዛውን እየደበደበ "መጣ! ሰውየው መጣ!" ይላል። እኔም ልቤ ዘለለ፣ በቃ ሆነ ብዬ።

ጋሽ መርፌ ግን እንባውን በእጅጌው ጠረገና የአባቴን እጅ ያዘ። "ስደበኝ ወንድሜ" አለ። "እስክትጠግብ ስደበኝ። እኔ መልስ አልሰጥህም፣ መልስ ከሰጠሁህ ምላሴ ይቆረጥ!" ብሎ ያችኑ ጠጠር መልሶ አባቴ አፍ ውስጥ አስገባት።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። ለካስ ስድቡ ግማሹ ነገር ብቻ ኖሯል። ይህን ሁሉ ሽቦ ጎትተን የመጣነው እኮ እሱ እንዲሰድብ ብቻ አይደለም፤ ሰው እንዲሰድበው ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ ሊነሣ። ምላሴ አፌ ውስጥ እሳት ሆነብኝ። "ጋሽ መርፌ፣ የተቆረጠው ድምፁ ነው እንጂ ጭንቅላቱ አይደለም!" ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሎሌ ነሽ ያለኝ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ሆኖም አባቴ ዓይኔን እንኳ አላየም። ኮምፒውተሩን ከጭኔ መነጨቀና በዚያ ወፍራም ጣቱ ቁልፎቹን በንዴት መደብደብ ጀመረ። የሚያደርገውን አያውቅም፣ የምንም ቁጥር አያውቅም፣ ብቻ ይመታል። ሳጥኗም የደረሳትን ይዛ ወጣች፣ በዚያ በጨዋው ድምፅ፦

"ደክሞኛል፣ መተኛት እፈልጋለሁ።"

"ደከመህ?" አለ ጋሽ መርፌ፣ ሳያስበው፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። "ገና ምንህ ተነክቶ ነው የደከመህ አንተ ልፍስፍስ? ድሮም ልትሸነፍ ስትል ነው እንቅልፍህ የሚመጣው! ከነጋ ጀምሮ ተኝተህ ውለህ..."

በዚያው ደርቆ ቀረ። አፉን በሁለት እጁ ያዘ። "ይቅር በለኝ" አለ በጣቶቹ መሀል፣ "ወንድሜ፣ አፌ ነው፣ እኔ አይደለሁም..."

አባቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቀና ሲል ግን እየሳቀ ነው፣ ያለድምፅ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ። ኮምፒውተሩን መለሰልኝ። ከዚያ መዳፉን ዘረጋ።

ቁልፉን ፈልጌ መታሁት። የአባቴ ሳቅ ከሳጥኗ ወጣ፣ የአባቴ ትከሻ ፊቴ ይርገፈገፋል፣ ሁለቱ አንድ ላይ። ጋሽ መርፌ እጁን ከአፉ ላይ አወረደ። አባቴን ለረጅም ጊዜ አየው፣ እንደገና እንደተዋወቁ ሁሉ። "እሺ" አለ በመጨረሻ። ትራሱን ከአባቴ ጀርባ መዞ ጥግ ወረወረው። ያስበላትን ጠጠር መልሶ ወሰዳት። "ተጫወት እንግዲህ አንተ ከማሽን ድምፅ ለማኝ! ልጅህንም ሽቦህንም ጨምሬ ነው የምበላህ!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ብነግራችሁ አፌ አይችለውም፤ እናንተም ልጆች አጠገባችሁ ይኖራሉ። ጣት ባየሁ ቁጥር አቤት እያልኩ ቁልፉን መታሁ። ጋሽ መርፌ አባቴ ከታመመ ጀምሮ ያጠራቀመውን ስድብ ሁሉ በአንድ ቀን አራገፈው። ጎማ ጠጋኙ ሱቁን ክፍት ትቶ እንደቆመ ዋለ፣ ደንበኛ መጥቶ ሲጠራው "ቆይ፣ ሰው እየተሰደበ ነው!" አለው።

ቤት ስንገባ እናቴ በሩ ላይ ትጠብቀናለች። አባቴ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ፤ ፊቱ የቀላ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ቁጭት ያቃጠለው፣ እጁን እያወራጨ በሐሳቡ ገና ጠጠር የሚገፋ።

"ማን አሸነፈ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ጋሽ መርፌ።"

"በእውነት አሸንፎት?"

"አዋርዶት።"

እናቴ ባሏን አየችው። እሱ አላያትም፤ ነገ በየት በኩል እንደሚገባበት ነው የሚያስበው። እጆቿን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ተመስገን" አለች፣ ራቱንም አቀረበች።